ምክሩ የእኛ፣ ክንዱ የእሷ

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሥጋ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ ወደ ልጅ ማሳደግ ዞረና ሁሉም የየራሱን ማማረር ጀመረ። የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ወተቱ፣ የቤት ኪራዩ። «በዚህ ዘመን ከሁለት በላይ መውለድ እብደት ነው!» በሚለው አራታችንም ተስማማን። እኔም ጨዋታው የሠመረ መስሎኝ፣ «እንግዲያው እኔ ላስቋጥር እያሰብኩ ነው» አልኩ። ቢላዎቹ ቆሙ። ከመካከላችን ዲግሪ ያለው፣ ጋዜጣ ሳያነብ የማይውለው ወዳጄ ቀና ብሎ አየኝና፣ «አንተ ሰው፣ ሙክት ልትሆን ነው?» አለኝ። ሥጋ ቆራጩ ሳይቀር ሳቀብኝ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ያ ሳቅ ጎረበጠኝ። ሚስቶቻቸው ከባለቤቴ ጋር ቡና የሚጠራሩ ናቸውና የሦስቱንም ቤት ጉዳይ አውቀዋለሁ። አንደኛዋ ክንዷ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ አስቀብራለች። አንደኛዋ በየሦስት ወሩ መርፌ ትወጋለች። ሦስተኛዋ ሉፕ አስገብታለች። በእነሱ ገላ ላይ ሲሆን «የቤተሰብ ምጣኔ» ይባላል፤ በእኛ ላይ ሲሆን መኮላሸት ሆነ ማለት ነው? ማነው ይህን መዝገበ ቃላት የጻፈልን?

የራሴን ጓዳ ሳላሳይ የሰው ጓዳ መፈተሽ ነውር ነውና የኔንም ልናገር። ሁለት ልጆች አሉን። ሁለተኛው ሲወለድ ባለቤቴ ክንድ ላይ የሚቀበረውን፣ የሦስት ዓመቱን፣ አስቀበረች። መካሪው እኔ ነበርኩ። ስለ ሴቶች መብት አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አስነብቤ ክፍያዬን የተቀበልኩትም በዚያው ወር ነው (ሰው በጻፈው ቢጠየቅ ኖሮ ስንታችን እናመልጥ ነበር!)። ከዚያ ደሙ መጣ። ብዙ አይደለም፤ ጠብ ጠብ ነው። ግን ዛሬ ቆመ ሲባል ከነገ ወዲያ ይመለሳል። ሐኪሞቹ «የሚጠበቅ ነው፣ ጉዳት የለውም» አሏት፤ እውነታቸውን ነው። ይሁንና በእኛ አገር ደም የጤና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ነበር የምታስቀድሰው። የዚያን ዓመት ፍልሰታን እስከ መጨረሻው ጾማ ሳትቆርብ ቀረች። ሙስሊሟ ጎረቤታችንም በተመሳሳይ ምክንያት የቱ የወር አበባ፣ የቱ ሌላ እንደሆነ መለየት ቸግሯት የረመዳን ጾሟ ሲቆራረጥባት ከርሟል። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ፣ ያውም በሌላ ነገር ስንጨቃጨቅ ነው። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ መከላከያ አትጠቀሙ ማለቴ እንዳይመስልህ። ክንድ ላይ የሚቀበረው ከአንድ ሺህ ሴቶች በዓመት አንዷን እንኳ አያስረግዝም ቢባል ማጋነን አይደለም። ሉፕም ቢሆን፣ ወደ ልብ ይወጣል እያሉ የሚያስፈራሩትን ትተን፣ ሆርሞን የሌለበት የመዳብ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደምና ቁርጠት ቢያበዛም አሥር ዓመት ያገለግላል። በ1992 ዓ.ም በአገራችን ባል ካላቸው መቶ ሴቶች ዘመናዊና ባህላዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 8 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም 36 ደረሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚቀበረውን በየቀበሌው ማስገባት መቻላቸው ቀላል ነገር አይደለም። ስንት እናት ከሞት ተርፋበታለች!

ነገር ግን ይኸንኑ ቁጥር ገልበጥ አድርገህ እየው። በ2008ቱ ጥናት ከመቶ 23ቱ በመርፌ፣ 8ቱ በክንድ፣ 2ቱ በሉፕ ይጠቀሙ ነበር። ቱቦውን ያስቋጠረ ባል ያላትስ? ዜሮ። ነጥብ ዜሮ ምናምን እንኳ ለመሙላት አልበቃንም። ደግሞ ነገሩ ያልታሰበበት አይደለም። በ1985 ዓ.ም የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደውን ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ፣ የመከላከያ ተጠቃሚውንም ከመቶ 4 ወደ 44 ለማድረስ በ2007 ዓ.ም ቀጠሮ ሲይዝ፣ ወንዶችን ማሳተፍንና ዋጋቸው ዝቅ ያለ የወንድ መከላከያዎችን ማስፋፋትንም ጽፎ ነበር። የሴቶቹ ድርሻ በመርፌም በክንድም ሲሠራበት፣ የእኛ ድርሻ ወረቀት ላይ ቀርቶ ይኸው ከሠላሳ ዓመት አለፈው።

ሙክት ላለኝ ወዳጄ ልመልስለት። ሙክት የሚሆነው በግ ፍሬው ተቀጥቅጦ ነው። ቫዜክቶሚ ፍሬውን አይነካም። ሐኪሙ ቦታውን ያደነዝዝና በቆዳው ላይ ጥቂት ቀዳዳ ከፍቶ ዘር የሚያልፍባቸውን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ቆርጦ ይቋጥራል፤ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የወንድነት ሆርሞን የሚጓዘው በደም እንጂ በቱቦው አይደለምና ድምፅህ አይቀጥንም፣ ጢምህ አይረግፍም፣ አልጋም ላይ ያው አንተው ነህ። ፈሳሹም አይቀርም፤ ዘሩ የፈሳሹ ጥቂት እጅ ብቻ ነውና ልዩነቱን በዓይን አታየውም። የሴቷን ቱቦ ለመቋጠር ግን ሆዷ መከፈት አለበት። ሁለቱን በሚዛን አስቀምጠህ የሷ ይቅለል የምትል ከሆነ ሚዛንህን አስመርምረው። በካናዳና በብሪታንያ፣ በተራራማዋ በቡታን ሳይቀር፣ ካስቋጠሩት ሴቶች ያስቋጠሩት ወንዶች በልጠው ተገኝተዋል። ጢማቸው ስለመርገፉ የሰማሁት ነገር የለም።

ከቀልዱ ውጭ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ እሱን አልንቀውም። ቫዜክቶሚ ለዘለቄታው ነው። መልሶ መቀጠል ቢሞከርም መሥራቱ ዋስትና የለውም። ልጅ በሚሞትበት አገር፣ ትዳር በሚፈርስበት ዘመን፣ አንድ የሠላሳ ዓመት ሰው «ነገ ምን ይመጣ ይሆን?» ብሎ ቢያመነታ ልክ ነው። ላልወለደ፣ ገና ላልቆረጠ ሰው አይሆንም። ወንዶችን በግድ የመቋጠር ነገርም በዓለም ታይቷል፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1976 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በአንድ ዓመት ከ6 ሚሊዮን በላይ ወንዶችን ስታስቋጥር ብዙው ያለ ፈቃድ ነበር። እንዲህ ያለውን ማንም አይመኝም። እኔን የሚያናድደኝ ግን፣ «ከሁለት በላይ እብደት ነው» ብሎ የማለ ሰው ተራው ሲደርስ «ምናልባት ነገ…» ማለቱ ነው። ያ ምናልባት የሚቀመጠው የት ነው? በሚስቱ ክንድ ውስጥ!

እኔ ራሴ ሄጄ አየሁት። አንድ ጤና ጣቢያ ገብቼ የቤተሰብ ምጣኔን ክፍል ብጠይቅ፣ «የእናቶችና ሕፃናት ጤና» የሚል በር ጠቆሙኝ። አባት የሚባል ፍጡር ከነበሩም ላይ የለም። አግዳሚው ላይ ሕፃን የታቀፉ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ሚስቴን የምጠብቅ መስሏቸው ጠጋ ጠጋ አሉልኝ። ተራዬ ሲደርስ ሲስተሯ፣ «ባለቤትህስ?» አሉኝ።

«ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

አልሳቁም። በሩን ዘጋ አድርገው ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አስረዱኝና፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ከመጣሁ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ወንድ ከአንተ በፊት አንድ ብቻ ነበር» አሉኝ። ምን ሆነ ብላቸው፣ «እናቱ ሰምተው መጥተው ይዘውት ሄዱ።» እዚያ ስለማይሠራ ወደ ሆስፒታል ሊጽፉልኝ ካርድ አወጡ። ካርዱ ላይ «የመጨረሻ የወር አበባ የታየበት ቀን» የሚል መስመር አለ። ሲስተሯ ትንሽ አሰቡና ሰረዝ አደረጉበት።

ወረቀቱ ኪሴ ከገባ አምስት ሳምንት ሆነው። የባለቤቴ ክንድ ሦስት ዓመት የሚሞላው ኅዳር ላይ ነው። «ይውጣልኝ እንጂ ሌላ አይገባልኝም» ብላለች። ከተቋጠረ በኋላ ደግሞ በቱቦው ውስጥ የቀረው ዘር እስኪያልቅ ሦስት ወር ያህል መጠበቅ፣ ፈሳሹንም አስመርምሮ ማረጋገጥ ግድ ነው። ከኅዳር ሦስት ወር ወደ ኋላ ብቆጥር ነሐሴ ላይ ደረስኩ። ነሐሴ እኔ «እያሰብኩ» ሳለሁ አልፏል። እንግዲህ ሰኞ ወደ ሆስፒታሉ ብሄድም፣ ለጎደለው ጊዜ ኮንዶም የምገዛው እኔ ነኝ።