ስሙ ስታዲየም ሲሞላ ሰውየው የት ነበር?

የፒንክ ፍሎይድ ነገር በተነሳ ቁጥር ከወዳጆቻችን መካከል አንዱ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ዋተርስ ከባንዱ ከወጣ በኋላ ያቀረበው ኮንሰርት የትናንቱን ወጥ ማሞቅ ነው። ያለ ጊልሞር ጊታር ምን ዋጋ አለው?» እኛ ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው እንላለን። ማስረጃችን በ2000 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ መድረክ ላይ ተቀርጾ በዚያው ዓመት በሁለት ሲዲ የወጣው የሮጀር ዋተርስ አልበም «ኢን ዘ ፍሌሽ» ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ዋተርስ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ነበር። በ1973 የወጣውን የ«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ግጥሞች በሙሉ የጻፈው እሱ ነው። «መኒ» የሚከፈትበት፣ በሰባት ምት የሚሄደው የቤዝ ዜማም የእሱ ነው። የ1979ኙ «ዘ ዎል» ሐሳቡ ከእሱ ሕይወት የፈለቀ ነው። በ1985 ከባንዱ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት «ስሙም አብሮ ይቅር» ብሎ ለንደን ፍርድ ቤት ቆመ። ጉዳዩ በ1987 መጨረሻ በስምምነት ሲያልቅ ስሙ ለዴቪድ ጊልሞርና ለኒክ ሜሰን ቀረ። በዚያው ዓመት ፒንክ ፍሎይድ የሚለው ስም ስታዲየም ሲሞላ፣ ግጥሞቹን የጻፈው ሰው በራሱ ስም ከስታዲየም ባነሱ አዳራሾች ይዞር ነበር። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። እዚህ ግን ስሙ ባለቤቱን በቁሙ ጥሎት ሄደ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሕዝቡ ትኬት የቆረጠው ለሥራው ነው ወይስ ለስሙ?

ዋተርስ ከዚያ በኋላ ለ12 ዓመት ያህል የኮንሰርት ጉዞ አልወጣም። በ1999 ሲመለስ የያዘው የራሱን ስም ብቻ ነው። አልበሙ ሲቀረጽ 56 ዓመቱ ነበር። ድምፁ ሻክሯል፣ ከፍ ያለውን ዜማ አይደርስበትም፤ እሱም አልደበቀውም። የጊልሞርን ድምፅ ለመምሰል አልሞከረም፤ ያንን ድርሻ ለዶይል ብራምሆልና ለጆን ካሪን ሰጠ። ራሱ አኩስቲክ ጊታር ሲያነሳ ደግሞ ቤዙን ሌላ ሰው ይጫወትለታል። «ዶግስ»ን የሚያህል ከ15 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሥራ፣ ለሬዲዮ የማይመች፣ ሳያሳጥር ያቀርባል። ትናንትን ለመሸጥ ብቻ የመጣ ሰው የሚታወቁትን አጫጭር ዘፈኖች ደርድሮ ይሄድ ነበር።

ወዳጆቻችን አንድ እውነት አላቸው፤ እሱን አንክድም። «ኮምፈርተብሊ ነምብ» ላይ የአንድ ጊልሞርን ቦታ ለመሙላት ብራምሆልና ስኖዊ ዋይት፣ ሁለት ጊታሪስቶች አስፈልገዋል፤ ያም ሆኖ ክፍተቱ ይሰማል። የዘፈኑ ዜማ በአብዛኛው የጊልሞር ነውና። እንዲያውም ይህ አልበም ዋተርስን ራሱን ይሞግተዋል። ፍርድ ቤት ቆሞ «ያለ እኔ ፒንክ ፍሎይድ የለም» ያለው ሰው፣ መድረክ ላይ ያለ ሌሎች እሱም እንደማይቆም አሳየን። ጆን ካሪን ቀደም ሲል ከጊልሞር ፒንክ ፍሎይድ ጋር ኪቦርድ ይጫወት የነበረ ሰው መሆኑን ስናስታውስ፣ የሁለቱ ጎራ ደጋፊዎች ጠብ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ይገባናል።

የማይታለፈው ግን መዝጊያው ነው። ሕዝቡ የመጣው ለአሮጌው ነው፤ ዋተርስ የሚሰናበተው ግን «ኢች ስሞል ካንድል» በሚባል አዲስ ዘፈን ነው። በኮሶቮ ጦርነት መሣሪያውን አስቀምጦ አንዲት አልባኒያዊት ሴትን ስለረዳ የሰርብ ወታደር የሚያወራ ነው። የጠላት ወገን ስም ያላትን ሴት እንደ ሰው ያየ ወታደር! ወጥ የሚያሞቅ ሰው እንዲህ ያለ ማዕድ አያቀርብም።

ባንድ ይሁን ቲያትር ቤት ወይም ጋዜጣ፣ በጋራ የተሠራ ነገር ሲፈርስ ስሙን አንዱ ወገን ይዞ ይሄዳል። እኛም ስሙን ተከትለን እንነጉዳለን፤ የጻፈውን፣ ያቀናበረውን፣ ከኋላ ቆሞ ምቱን የያዘውን ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ። የጊልሞርን ጊታር ማድነቅ ይቻላል፤ እኛም እናደንቃለን። ነገር ግን ዋተርስን ከመፍረዳችሁ በፊት ሁለቱንም ሲዲ እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ሽፋኑ ላይ በትናንሽ ፊደል የተጻፉትን ስሞችም አንብቡ።