የምኒልክ ቴምብሮች ብርቅነት በምን ይመዘን?

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ካዘዙ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ላይ ታተሙ። ንድፋቸው የፈረንሳዊው ቀራጭ የኤዥን ሙሾን ሥራ ነው። ከሩብ ግርሽ እስከ 2 ግርሽ ባሉት አራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በ4፣ በ8 እና በ16 ግርሾቹ ላይ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ይታያል፤ 16 ግርሽ አንድ ብር ነበር። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን ከአያቱ ሣጥን ውስጥ ያገኘ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት እንደሚያወጣ ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። መልሱ የሚፈለገው ግን ብዙውን ጊዜ ከቴምብሩ ዕድሜ ወይም ከዋጋ መዝገብ በመሆኑ ስሕተት ይከተላል።

ዕድሜ ብቻውን ብርቅ አያደርግም። በዓለም የመጀመሪያው ቴምብር፣ በ1840 በእንግሊዝ የወጣው ጥቁሩ ባለ አንድ ፔኒ፣ 68 ሚሊዮን ያህል ታትሞ ስለ ነበር ዛሬም ፈላጊው አያጣውም (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአንጻሩ በ1856 በብሪቲሽ ጊያና ከታተመው ባለ አንድ ሳንቲም ቀይ ቴምብር የሚታወቀው አንድ ብቻ ሲሆን፣ በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የምኒልክ ቴምብሮች ጉዳይ ከሁለቱም ይለያል። ብዙዎቹ ደብዳቤ ሳይሸከሙ ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች ስለ ተሸጡ፣ ማኅተም ያላረፈባቸው ንጹሕ ቅጂዎች በገበያ ላይ በቀላሉ ይገኛሉ። ብርቅ የሆነው በእርግጥ የተጓዘው ነው። ጸሐፊው ጥቂት፣ የፖስታ ጣቢያውም ጥቂት ነበር። ኢትዮጵያ በኅዳር 1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ጅቡቲ ላይ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብርም ይጨመርበት ነበር። ሁለቱንም ቴምብሮች እንደ ያዘ የተረፈ ፖስታ አንድ መንግሥት ከዓለም ጋር በምን መንገድ ይገናኝ እንደ ነበር ይመሰክራል፤ ከፖስታው የተላቀቀው ቴምብር ይህን መመስከር አይችልም።

ሰብሳቢዎች እጅግ የሚሻሙባቸው ልዩ ዓይነቶች ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከ1901 ጀምሮ በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ በፈረንሳይኛ «ኢትዮጵ»፣ በ1902 «ቦስታ» የሚል ጽሑፍ ተመታ። ምቱ የእጅ ማኅተም ሥራ ነው። እጅ ደግሞ ይገለብጣል፣ ይደግማል፣ ያጋድላል። በመታተሚያ መኪና ላይ ጽሑፉ ተገልብጦ የወጣ ቴምብር በአንድ ሉህ ላይ የደረሰ አደጋ ነው፤ በእጅ ማኅተም ግን ያንኑ መገልበጥ ማንም በፈለገው ጊዜ፣ ደንበኛም ባዘዘው መጠን ሊያደርገው ይችላል። የተገለበጠ ወይም ድርብ ምት ከፍ ባለ ዋጋ መመዝገቡ የብርቅነት ማስረጃ ተደርጎ መወሰዱ ስለዚህ ሚዛን አይደፋም። የዋጋ መዝገብ የሚናገረው ስለ እውነተኛው ቅጂ ነው፤ ሐሰተኛ ማኅተም መብዛቱንም መዝገቦቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ።

በደቡብ ምዕራብ ታሪክ ራሱ አንድ መመርመሪያ ይሰጣል። ሰባቱ ቴምብሮች ሲታተሙ ከፋ ገና በራሱ ንጉሥ ይተዳደር ነበር፤ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የተሸነፈው በ1897 ነው። የዛሬው ሚዛን አካባቢ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የገባውም ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ በ1895 ከዚህ አካባቢ በምኒልክ ፖስታ ተላከ የሚባል ደብዳቤ ቢቀርብ፣ መርማሪው ቴምብሩን በማጉያ መነጽር ከማየቱ በፊት የአገሩን ታሪክ ማየት ይበቃዋል።

ከዚሁ ምድር ብዙም የማይጠረጠር ሌላ ምሳሌ አለ። የምዕራቡ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወጣ በነበረበት ዘመን፣ በጋምቤላ የነበረው የሱዳን ፖስታ ቤት የሚሸጠው የሱዳንን ቴምብር ነበር። በ1898 የወጣው የሱዳን ባለ ግመል ፖስተኛ ቴምብር ንድፉ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ስላገለገለ ተራ ነገር ነው፤ ነጋዴ በእፍኝ ይሰጣል። የጋምቤላ ማኅተም ያረፈበትና ከፖስታው ያልተለየው ግን ስለ ቡናው ንግድ፣ ስለ መንገዱና ስለ ኢትዮጵያ መሬት በሌላ አስተዳደር ሥር መሆን የሚናገር ሰነድ ነው። ማኅተሙን ያላነበበ ሰው በውሃ ነክሮ ያላቅቀውና የሚሸጠው ያንኑ ተራ ቴምብር ይሆናል።

የሚዛንና የቴፒ ገበሬ ይህን ከቡናው ያውቀዋል። ከየትኛው ጫካ እንደ ተለቀመ የማይታወቅ ቡና ከሌላ ጆንያ ጋር ሲቀላቀል ፍሬው አይለወጥም፤ መለያው ግን ይጠፋል፤ ቀማሽም አይመልሰውም።

ደብዳቤ ያለው ቤተሰብ የመሸጥ መብቱ የራሱ ነው፤ ችግር ያለበትን ቤት ስለ ቅርስ መስበክም አይገባም። ተመራማሪው ማድረግ የሚችለው ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት መድረስ ነው። የፖስታውን ፊትና ጀርባ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ፣ የማኅተሞቹን ቀንና ቦታ፣ ደብዳቤው በማን እጅ እንደ ቆየ ይመዝግብ፤ ባለቤቱም ቴምብሩን እንዳይልጠው ይንገረው። ያልተላጠው ፖስታ ለባለቤቱም የተሻለ ዋጋ እንደሚያስገኝ ማስረዳት የሚከብድ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና አንድ ደብተር ነው።