እንቅልፋችንን በምን እንለካው?

የፈተና ወቅት ሲቃረብ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎቻችን አንድ የተለመደ ፉክክር ይጀመራል። ፉክክሩ ማን የበለጠ ገባው የሚል ሳይሆን ማን ያነሰ ተኛ የሚል ነው። «ሦስት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም» ያለ ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ እንደ ጀግና ይታያል፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቶ የተነሣው ደግሞ ሰነፍ ይባላል። እኛ መምህራንም ከወቀሳው ነፃ አይደለንም። ዓይኑ ቀልቶ ወደ ክፍል የገባን ተማሪ «ታታሪ» እያልን ስናሞግስ ኖረናል። ይህ ሙገሳ ስሕተት ነው እንላለን፤ እንቅልፍ የጥናቱ አንድ ክፍል ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ትርጉም የሌላቸው ቀለማትን በቃላቸው እንዲይዙ አደረጉ። ተማሪዎቹ ካጠኑ በኋላ ሲተኙ ያስታወሱት፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ነቅተው ሲቆዩ ካስታወሱት ይበልጥ ነበር። የሁለት ሰዎች ውጤት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ግን እንቅልፍ የተማርነውን በአእምሯችን እንደሚያጸና አረጋግጠዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ብሂል በአንድ ሌሊት ለተሸመደደ ትምህርትም ይሠራል።

ብዙ ተማሪዎች ግን «አምስት ሰዓት ይበቃኛል፤ ምንም አይሰማኝም» ይሉናል። ለመሆኑ ይህ ስሜት ሊታመን ይችላል? እ.ኤ.አ. በ2003 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 38 ዓመት የሆኑ 48 ጤነኛ ሰዎችን በቡድን ከፈሉ። ከፊሎቹ ለ14 ተከታታይ ሌሊቶች 8፣ ከፊሎቹ 6፣ ከፊሎቹ ደግሞ 4 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተፈቀደላቸው ሰዎች ንቃት ከቀን ወደ ቀን እያሽቆለቆለ ሄዶ፣ በመጨረሻ እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ እንቅልፍ ካጣ ሰው ንቃት ጋር ተስተካከለ። ከሁሉ የሚያስገርመው ሰዎቹ ራሳቸው ይህን ያህል መዳከማቸውን አለማወቃቸው ነው። የድካም ስሜታቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጨመረ በኋላ ብዙም አልተለወጠም።

በፊዚክስ ቋንቋ ስንናገር መለኪያው ራሱ ተዛብቷል ማለት ነው። የተዛባ ሚዛን መዛባቱን አይናገርም፤ የሚታወቅበት ከሌላ ሚዛን ጋር ሲመሳከር ብቻ ነው። እኛም ይህን በራሳችን አይተነዋል። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር ሦስት ሌሊት በቤተ ሙከራ ካነጋን በኋላ፣ የናሙናውን ሙቀት በኬልቪን መመዝገብ ሲገባን በሴልሺየስ መዝግበን ኖሯል። ስሕተቱ የተገኘው ከሳምንታት በኋላ ነበር። በዚያች ሌሊት የጠየቀን ሰው ቢኖር ግን ፍጹም ንቁ መሆናችንን በምለን እንነግረው ነበር።

እንግዲህ ስሜታችን የማያስተማምን ከሆነ መለካት ይኖርብናል። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ሙሬይ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት የኤፕወርዝ መመዘኛ ስለ ስምንት ሁኔታዎች ይጠይቃል፤ ለምሳሌ ተቀምጣችሁ ስታነቡ፣ ከምሳ በኋላ በጸጥታ ስትቀመጡ፣ ለአንድ ሰዓት በመኪና ስትሳፈሩ የማንቀላፋት ዕድላችሁ ምን ያህል ነው ይላል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 በላይ ከሆነ የቀን እንቅልፉ ከልክ አልፏል ማለት ነው።

ይህም በራስ አስተያየት የሚሞላ በመሆኑ በደብተር ሊደገፍ ይገባል። ለ14 ቀናት አልጋ ላይ የወጣችሁበትን፣ እንቅልፍ የወሰዳችሁን፣ የነቃችሁበትንና የተነሣችሁበትን ሰዓት በየጠዋቱ መዝግቡ፤ ቡናና ሻይ የጠጣችሁበትንም ሰዓት አትርሱ። ከዚያም የተኛችሁበትን ጊዜ አልጋ ላይ ለቆያችሁበት ጊዜ አካፍሉ። 8 ሰዓት አልጋ ላይ ቆይቶ 6 ሰዓት የተኛ ሰው ውጤቱ 75 በመቶ ነው፤ ባለሙያዎች ጥሩ የሚሉት 85 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። ውጤቱ ከፍ ብሎ የሰዓቱ ድምር ካነሰ ችግሩ ለእንቅልፍ በቂ ጊዜ አለመስጠታችሁ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ለአዋቂዎች ቢያንስ 7 ሰዓት ይመክራል።

ከመለካት ቀጥሎ የሚመጣው ማሻሻል ነው። አሌክሳንደር ቦርቤይ የተባሉት የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳስረዱት እንቅልፍን የሚመሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚከማች የእንቅልፍ ግፊት ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በዚህ ድርሻ አለው። የቡናው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ይዘጋል እንጂ የተከማቸውን ግፊት አያስወግድም። የካፌይን ግማሽ ዕድሜ ከሰው ሰው ቢለያይም በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ነው። በመሆኑም ከቀኑ 11 ሰዓት ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሩቡ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ገና በሰውነታችን ውስጥ አለ። አቦሉም ሆነ በረካው ከቀትር በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ለጥናት ተብሎ የሚቃመው ጫትም በውስጡ ያለው ካቲኖን ለአምፌታሚን የቀረበ አነቃቂ በመሆኑ እንቅልፍ ይነሣል።

ሁለተኛው የሰውነታችን ሰዓት ነው፤ ይህን ሰዓት በየዕለቱ የሚያስተካክለው በዋነኛነት ብርሃን ነው። የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ቀኑን ከንጋት መጀመሩ ከዚህ ጋር የተስማማ ነው። በአዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በሰሜን አውሮፓ ክረምት የሚናፈቀው የጠዋት ፀሐይ ለእኛ ዓመቱን ሙሉ በነፃ ይታደላል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሥቶ ወደ ደጅ መውጣት፣ ማታ ደግሞ ስልክን ቀደም ብሎ ማስቀመጥ ሰዓቱን ያስተካክላል።

ሁሉ ነገር በተማሪው እጅ አለመሆኑን እንገነዘባለን። ብዙ ሆነው በሚያድሩበት ክፍል አንዱ ሊተኛ ሲል ሌላው መብራት ያበራል። የመኝታ ክፍል ጓደኞች መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ላይ ቢስማሙ፣ እኛ መምህራንም የቤት ሥራ ማስረከቢያውን ከእኩለ ሌሊት ወደ ቀን ብናዛውረው የሚጠይቀን ወጪ የለም። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እየራቀው ሦስት ወር የሞላው፣ ወይም ተኝቶ ትንፋሹ እንደሚቋረጥ የተነገረው ሰው ግን ሐኪም ዘንድ ሊቀርብ ይገባል።

ከእንግዲህ «ሦስት ሌሊት አልተኛሁም» የሚል ተማሪ ሲገጥመን አናደንቀውም። የእንቅልፍ ደብተሩን እንዲያሳየን እንጠይቀዋለን፤ እርሱም የእኛን ቢጠይቀን ቅር አይለንም።