በጀቱ ሳይጸድቅ ወረዳ እንሂድ

የወረዳ ምክር ቤቶች የመጪውን ዓመት በጀት የሚያጸድቁበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ከዚያ በፊት ግማሽ ቀን አውጥታችሁ በምትኖሩበት ወረዳ ወዳለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንድትሄዱ ልለምናችሁ ነው ይህን የምጽፈው። ብቻችሁን አትሂዱ። ከዕድራችሁ ሁለት ሰው፣ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት አንድ መምህር፣ ከተገኘም አንድ ሸማኔ ወይም አዝማሪ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያም የአገሪቱን የባህል ፖሊሲ ቅጂ ጠይቁ። ለባህል ሥራ የተያዘውን በጀትም ከነዝርዝሩ አሳዩን በሉ።

የባህል ፖሊሲ የለንም የሚል ሰው ከየመድረኩ አይጠፋም። አለን። በጥቅምት 1990 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ በ2008 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ከእሱም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 39 ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ባህላቸውን የመግለጽና የማዳበር፣ ታሪካቸውን የመንከባከብ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 91 ደግሞ ቅርስን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል፤ ኪነ ጥበብን በመደገፍ ረገድ ግን የመንግሥትን ግዴታ በአቅሙ ልክ ያደርገዋል። የመንግሥት አቅም የሚለካው በጀት ሲደለደል ነው። ድልድሉ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጤና ጣቢያ የሚጮህ ሰው አለ፤ መጮሁም ተገቢ ነው። ስለ ባህል የሚናገር ከሌለ ግን ለባህል የሚሆን አቅም እንደሌለ ያለ አንድ ተከራካሪ ይወሰናል።

በመሥሪያ ቤት ደረጃ ባህል ከደባልነት ወጥቶ አያውቅም። ከስፖርት ጋር ኖሯል፣ ከማስታወቂያ ጋር ኖሯል፣ ከወጣቶች ጋር ኖሯል፣ ከቱሪዝም ጋር ረጅም ዘመን ከርሟል። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ቱሪዝም ራሱን ችሎ ሲወጣ ባህል ተመልሶ ከስፖርት ጋር ገባ። ሚኒስትር በተለወጠና ታርጋ በተቀየረ ቁጥር መዝገቡ ይበተናል፣ የጀመረውን ሥራ የሚያውቀው ባለሙያም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ይህን የሚቋቋም ማኅደረ ትውስታ ያለው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የተደራጀ ሕዝብ ብቻ ነው።

ወረዳው ቢሮ ስትገቡ የምታዩትን ከአሁኑ መገመት ይቻላል። መስተዋት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ መሶብ፣ ሙዳይ፣ ጋሻና ጦር ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ የአንድ ዓመት የኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ባነር ተሰቅሏል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሙያውን የሚወድ ሰው ነው፤ አትቆጡት። ከበጀቱ ደመወዝ ሲነሣ፣ ለበዓሉ የሚሄደው የኪነት ቡድን ውሎ አበልና ትራንስፖርት ሲነሣ፣ ለሥራ ማስኬጃ የቀረው ገንዘብ አንድ መቅረጸ ድምፅ ገዝቶ ገጠር ለመውረድ እንኳ ላይበቃው ይችላል። እናንተ ስትመጡ ከአለቆቹ ፊት የሚያቀርበው ምክንያት ያገኛል።

መንግሥት ስለፈረመ ብቻ ነገር እንደማይፈጸም የአክሱም ሐውልት ታሪክ በቂ ምስክር ነው። የፋሺስት ጦር በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የወሰደውን ሐውልት ጨምሮ ከኢትዮጵያ የተዘረፈውን ሁሉ ጣሊያን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ተገድዳ ነበር። አሥራ ስምንቱ ወር አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ አለፉ፣ ደርግ አለፈ። ውሉ ሳይሻር ሐውልቱም ሮም ላይ እንደቆመ ዓመታት ነጎዱ። ነገሩን ከተዳፈነበት ያወጡት ሐውልቱ ይመለስ ብለው የተደራጁ ሰዎች ናቸው፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ። ፊርማ አሰባሰቡ፣ ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ መንግሥትም ጉዳዩን የራሱ አድርጎ እንዲይዘው ገፉ። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይም በቦታው ቆሞ ተመረቀ። የመንግሥት ለመንግሥት ድርድር ባይኖር አይመጣም ነበር። የዜጎች ውትወታ ባይኖር ደግሞ ድርድሩ ራሱ መቼ ይጀመር እንደነበር እንጃ።

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም ይህን በራሳቸው አይተውታል። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ቄሶቹንና ማኅበራቱን ይዞ ለዓመታት ስለ ሲግድ ሲወተውት ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. የአገሪቱ ፓርላማ ክነሴት ሲግድን በሕግ የመንግሥት በዓል አደረገው። ጎንደር ውስጥ ተራራ ላይ በጾምና በጸሎት ይከበር የነበረ በዓል የሌላ አገር ሕግ ውስጥ የገባው የሚጠይቅለት ስለነበረው ነው።

ሐረር ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይታናለች። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የብራና መጻሕፍቱን፣ ሳንቲሙን፣ ጌጣጌጡን፣ የተቀረጸውን የድሮ ዘፈን ሳይቀር በግላቸው እየሰበሰቡ በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ፤ የጥንቱን የሐረር የመጽሐፍ አጠራረዝ ሙያም መልሰው አስነሡ። ስብስቡ ከቤታቸው በላይ ሲሆን የክልሉ መንግሥት የራስ መኮንን መኖሪያ የነበረውን ቤት ሰጣቸው። ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም የሚባለው ያ ነው። መንግሥት ቤት ሰጠ፣ ዜጋው ዕውቀትና ስብስብ ሰጠ። ከዚህ የተሻለ የባህል ፖሊሲ አፈጻጸም ካለ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ሁሉን መንግሥት ይሥራው ማለቴ እንዳይመስልባችሁ። ያንን በደርግ ዘመን አይተነዋል፤ የቀበሌ ኪነቶች ብዙ ድምፃዊ አፍርተዋል፣ ምን እንደሚዘፈን የሚወሰነው ግን ከላይ ነበር። መንግሥት እጁን ያንሳ የሚለውንም አልቀበልም። ቤተ መዛግብት፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የቴአትር አዳራሽ በመዋጮ ብቻ አይቆሙም። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በእነ መኮንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት ሲመሠረት ማኅበር ነበር፤ ዛሬ ቴአትር ቤቱ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ነው። የሲዳማው ፍቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ ቀኑን የሚቆርጡት ግን ዛሬም ኮከብ የሚያዩት አያንቶዎች ናቸው። ቀን መቁረጥ የእነሱ ነው፤ የመንግሥት ድርሻ በዓሉ የሚከበርበትን የጉዱማሌን አደባባይ ማስከበርና ልጆች ስለ በዓሉ በትምህርት ቤት እንዲማሩ ማድረግ ነው።

ለመደራጀት ሕግ ይከለክለናል የሚል ምክንያትም አሁን አይሠራም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ ያገለለ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ገደብ አንሥቷል፤ አምስት ሰው ከሆናችሁ ማኅበር መመሥረት ትችላላችሁ። ዕድርና ዕቁብን አዋጁ አይነካቸውም፤ ስለዚህ ዕድራችሁ ስለ ባህል ለመነጋገር ማንንም ማስፈቀድ የለበትም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዩኔስኮ የ1998 ዓ.ም. የባህላዊ መገለጫዎች ብዝኃነት ስምምነትም አንቀጽ 11 ላይ የሲቪል ማኅበረሰቡን ሚና መሠረታዊ ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ቢሮው ካንገራገረ ይህን መጥቀስ አይከፋም።

በሚመጣው የዕድር ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ አስይዙ፦ በሰፈራችን ማን ምን ያውቃል? ቅኔ የሚያውቁት መሪጌታ፣ ጥጥ የሚያባዝቱት እናት፣ የሰፈሩን የድሮ ቤቶች ታሪክ የሚነግሩት ሽማግሌ ስማቸው ይጻፍ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅረጹ፤ አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለወረዳው ስጡ። የአዲስ አበባው ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙዎቻችን የተሯሯጥነው ፎቶ ለመለጠፍ ነበር። ቀደም ብሎ የአንዱን ቤት ታሪክ ጽፎ ይመዝገብልኝ ያለ ከመካከላችን ስንት ሰው ነበር?

የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ሆይ፣ እናንተን የምጠይቀው ትንሽ ይከብዳል። አምስት ስድስት ማኅበር ሆናችሁ በየፊናችሁ አንድ ባለሥልጣን ደጅ ከምትጠኑ፣ በአንድ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ምክር ቤት ግቡ። ሙዚቀኛውም፣ ተዋናዩም፣ ሠዓሊውም የሚስማሙበት ጥያቄ ይጠፋል ብዬ አላምንም፤ የቅጂ መብት ክፍያ አንዱ ነው።

ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ ለኳስ ፌስቲቫሉ ትሰበሰባላችሁ። ከምግቡና ከልብሱ ድንኳን ጎን አንዲት ጸጥ ያለች መቅረጫ ድንኳን ትከሉ፤ ከየአገሩ የመጡት አባቶችና እናቶች ተቀምጠው ያውሩ። የተቀረጸውን ተናጋሪው ለተወለደበት ወረዳ ላኩ፤ ተማሪዎቹ ይስሙት።

ወረዳው ቢሮ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ኑ ብትባሉ አትመለሱ። ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ሁላችሁም ፈርማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለጥያቄያችሁ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጣችሁ ያዛል፤ ይህንም ደብዳቤው ላይ ጥቀሱ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ የገቢ ቁጥሩን ያዙ፣ ግልባጩን ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስጡ። በጀቱ የሚጸድቅበትን ቀን እዚያው ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ በዚያ ቀን ከመካከላችሁ ሁለት ሰው አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ።