የደኅንነት ሳይንስ በትንሽ ኮሌጅ

የደኅንነት ሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት በተነሣ ቁጥር የሚሰማ አንድ መከራከሪያ አለ። የሻንጣ መፈተሻ ኤክስሬይና ዘመናዊ ካሜራ መግዛት የማይችል ትንሽ ኮሌጅ ይህን ትምህርት ሊከፍት አይገባውም ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። እንዲያውም ትምህርቱ ከመሣሪያው ቁልፍ ሲጀምር ዋናው ነገር ይዘነጋል ብለን እንሰጋለን። ስጋታችንን አንድ በሰፊው የታወቀ ጉዳይ ያስረዳልናል።

ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ «ኤዲኢ 651» የሚል ስም የሰጠውን የፈንጂ መፈለጊያ ለኢራቅ በብዛት ሸጦ ነበር። የአንዱ ዋጋ እስከ 40,000 ዶላር ደርሷል። ዕቃው የፕላስቲክ እጀታና እንዳሻው የሚወዛወዝ አንቴና ነው፤ ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን ከያዘው ሰው ሰውነት ያገኛል ይባል ነበር። (እዚህ ላይ የኃይል ጥበቃን ሕግ የተማረ ሁሉ እጁን ማንሣት ነበረበት።) እ.ኤ.አ. በ2010 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፈንጂን ይለያል የተባለው ካርድ ሲመረመር፣ የተገኘበት ሱቆች ዕቃ እንዳይሰረቅባቸው የሚለጥፉት ርካሽ ምልክት ብቻ ነው። ነጋዴው በ2013 በማጭበርበር ወንጀል የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። መሣሪያው ግን በባግዳድ ኬላዎች ላይ አገልግሎቱን ቀጠለ። የኢራቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል አባዲ ፖሊሶች እንዳይጠቀሙበት ያዘዙት በ2016 በከራዳ ሰፈር የደረሰው ፍንዳታ ከ300 በላይ ሰዎችን ከፈጀ በኋላ ነበር።

የኬላው ጠባቂዎች ሞኞች አልነበሩም። አንቴናው በእርግጥ ይዞራል፤ የሚያዞረው ግን ያዡ ሳያውቀው በጥቂቱ የሚያዘነብለው እጁ ነው። ፈንጂው የተቀመጠበትን ቦታ በሚያውቅ ሰው እጅ ሲሆን ደግሞ ሁልጊዜ «ያገኛል»። ይህን ለማጋለጥ ምን ያስፈልጋል? 5 ካርቶኖች። አንድ ሰው ዕቃውን ከአንዱ ውስጥ ደብቆ ከክፍሉ ይውጣ፤ መሣሪያውን የያዘውም ሆነ አጠገቡ የቆመው ቦታውን አይወቁ። ሙከራው 25 ጊዜ ቢደገም፣ በግምት ብቻ የሚናገር ሰው 5 ጊዜ ያህል ያገኛል። መሣሪያው ከዚህ ብዙም ካልበለጠ የግምት ያህል ነው። የትኛው ኮሌጅ ነው ካርቶን የሚያጣው?

እውነተኛ መሣሪያዎችም ቢሆኑ ወሰናቸው መታወቅ አለበት። የብረት መፈተሻ በሽቦ ጥቅል ውስጥ በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ተለዋዋጩ ማግኔታዊ መስክ በብረቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ያም በተራው በጥቅሉ ላይ ይታወቃል። ተማሪው የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ይህን በኦሲሎስኮፕ ሲያይ፣ የዱቄት ፈንጂ በዚያ በር ያለ ድምፅ እንደሚያልፍ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ሻንጣ የሚያየው ኤክስሬይ ደግሞ በሁለት የኃይል መጠን ጨረር እየለካ ብረትን በሰማያዊ፣ ካርቦንና ኦክስጅን የበዛበትን ነገር በብርቱካንማ ቀለም ያሳያል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚጓዙ እናት የያዙት ሽሮና በርበሬም እንደ ብዙዎቹ ፈንጂዎች በብርቱካንማ ይታያል። ፈታሹ ይህን የሚያውቅ ከሆነ እኚህን እናት በአክብሮት ጠይቆ ያሳልፋቸዋል።

የቁጥሩ ነገርም አለ። በቀን 100,000 መንገደኛ ያልፋል፣ ከነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ፈንጂ ይዟል እንበል። ከ100 ንጹሓን አንዱን በስሕተት የሚጠረጥር መሣሪያ ወደ 1,000 የሚሆኑ ንጹሓንን ያስቆማል። ከሺህ ከንቱ ጩኸት በኋላ የፈታሹ ጆሮ ምን ይሆናል? ይህ የጥቁር ሰሌዳና የጠመኔ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ለጥበቃ ሠራተኛ ሒሳብ ምን ያደርግለታል በሚል ከሥርዓተ ትምህርቱ የሚቀነሰው መጀመሪያ እርሱ ነው።

ትንሽ ኮሌጅ ሊሳሳት የሚችለው በሌላ በኩል ነው። አንድ ሻጭ መሣሪያውን በነፃ ሰጥቶ ትምህርቱም በዚያው መሣሪያ መመሪያ ዙሪያ እንዲቀረጽ ቢጠይቅ፣ እምቢ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ተመራቂው ግን ነገ በግዢ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የዚያኑ ሻጭ ብሮሹር ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ፈተና ለተማሪው አሠራሩ ያልተነገረውን የታሸገ ሣጥን ሰጥቶ፣ የተባለለትን ይሠራ እንደሆነ የሚለይ ሙከራ እንዲነድፍ የሚጠይቅ ቢሆን እንወዳለን።