የእርከኑ ባለቤትና የተራራው እንግዳ

ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2023 ያስተናገደቻቸው የአገር ውስጥና የውጭ ጎብኚዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ተከትሎ፣ ለ2030 የተያዘው ግብ ወደ 150 ሚሊዮን ከፍ ተደርጓል። በዚህ ዕቅድ ትልቅ ስፍራ ከተሰጣቸው አካባቢዎች አንዱ የደቡብ ምዕራቡ ደጋ ነው። በዓሲር ክልል፣ 3,015 ሜትር ከፍታ ባለው በሱዳ ተራራና በአካባቢው የሚገነባው የቱሪስት መዳረሻ ዕቅድ በመስከረም 2023 ይፋ ሆኗል። የጅዳና የመካ ነዋሪም በበጋ ሙቀት ፊቱን ወደዚያው ያዞራል።

ይሁንና የደጋው ውበት የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አይደለም። በጃዛን ክልል የፈይፋ ተራሮችን ደረጃ በደረጃ የሸፈነው እርከን የገበሬ እጅ ሥራ ነው። የድንጋይ ካቡ አፈሩን ያቅፋል፤ የዝናቡን ውኃ አዝግሞ ያሰርጋል። ካቡ በየዓመቱ ካልተጠገነ ግን በአንድ ቦታ የተናደው ድንጋይ ከታች ያለውን ማሳ ይዞ ይወርዳል። ነዳጅ ባመጣው ዕድገት ዘመን ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ፣ በደቡብ ምዕራቡ ደጋ የሚገኙ ብዙ እርከኖች ጠጋኝ አጥተው ፈርሰዋል።

የፊሊፒንስ ኮርዲሌራ ታሪክም ይኸው ነው። የኢፉጋኦ ሕዝብ የሩዝ እርከኖች እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈሩ። በ2001 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገቡ፤ ከዚያ የወጡት በ2012 ነው። ጎብኚ አልጎደለም፤ የጎደለው እርከኑን የሚጠግን እጅ ነበር። እንደ ባታድ ባሉ መንደሮች እንግዳው በእርከኑ ግንብ ላይ ተጉዞ በመንደሩ ያድራል። የማደሪያው ገቢ ለካቡ ጥገና ካልተረፈ ግን እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር ራሱ ያጣዋል።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የጎብኚው ቁጥር ሳይሆን ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል የሚለው ነው። በዓሲር የምትገኘው ሪጃል አልማዕ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የመንደሩ ነዋሪዎች ቅርሶቻቸውን ከየቤታቸው ሰብስበው የራሳቸውን ቤተ መዘክር አቋቁመዋል። መንደሯ እ.ኤ.አ. በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ተመርጣለች። በዚያው ዓመት የኛዋ ወንጪም ተመርጣለች። በወንጪ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው እንግዳውን በፈረስ ወደ ሐይቁ ሲያወርዱ ኖረዋል።

ቡናውም ሌላ ምሳሌ ነው። የኸውላኒ ቡና አመራረት ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የሳዑዲ ቡና ኩባንያ የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት ከ300 ወደ 2,500 ቶን የማሳደግ ግብ ይዟል። እርከኑ የሚጠገነው በላዩ የበቀለው ነገር የገበሬውን ቤት ሲያስተዳድር ነው።

ኢትዮጵያም የእርከን አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ከ400 ዓመታት በላይ፣ በ21 ትውልድ ቅብብል የዘለቀ ሥራ ነው። በላስታና በመቄት ደግሞ ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች በጋራ ጎጆ ሠርተው፣ የእግር ተጓዡን አሳድረውና አብልተው፣ ገቢውን ለኅብረተሰቡ ጥቅም ያውሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት የእንግዳውን መንገድ ዘጋ። ሰላም የሌለበት ደጋ የቱንም ያህል ቢያምር እንግዳ አያሳድርም።

ነገሩ በጅዳና በመካ ለሚኖረው ወገናችን ሩቅ አይደለም። በጉለይል፣ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት፣ ከኖሩት መካከል በየዓመቱ ጥርና የካቲት ለተፋሰስ ሥራ ድንጋይ የካቡ የወሎና የሰሜን ሸዋ ልጆች ነበሩ። የኢፉጋኦ ወጣት ማኒላ ሲወርድ፣ የዓሲር ወጣት ሪያድ ሲገባ የታየው ክፍተት በእነርሱም ቀዬ አለ። ከዚህ የሚላከው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በከተማ ቤት ይሠራበታል። ከዚያው ጥቂቱ በትውልድ ቀበሌ ለአንዲት የእንግዳ ጎጆና ለተናደ ካብ መጠገኛ ቢውል፣ ለቀሩት ወላጆች ገቢ፣ ለሚመለሰውም ሥራ ይሆናል። ይህ እንዲሳካ ግን መሬቱ የማን እንደሆነ በግልጽ መታወቅ፣ የገቢው ክፍፍልም አስቀድሞ በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል።