ልጅ ያቦካው ለራት ሲበቃ

እኅትና ወንድም በባዕድ አገር ሲኖሩ ምትሐትና ጀብዱ አገኙ የሚል መጽሐፍ በታየ ቍጥር፥ «ይህ ሕፃናትን ከትምህርት የሚያዘናጋ ተረት ነው» የሚሉ ሰዎች ይነሣሉ። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም፤ ምክንያታችንንም በአንድ እውነተኛ ቤተ ሰብ ታሪክ እናስረዳለን።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. ሉዊዛ ዳረል የተባሉ፥ ባላቸው የሞቱባቸው እናት፥ ልጆቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ወደ ግሪክ ደሴት ወደ ኮርፉ ተሻገሩ። የመጨረሻው ልጅ ጄራልድ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ብላቴና ነበር። እስከ 1939 ዓ.ም. በዚያ ሲኖር፥ በወይራው ዛፍ ሥር ኤሊውንና ጊንጡን ሲመረምር ዋለ። ግልገሎቿን በጀርባዋ የተሸከመች ጊንጥ በክብሪት ቀፎ አኑሮ ወንድሙን እንዴት እንዳስደነገጠ፥ በ1956 ዓ.ም. ባሳተመው «ቤተ ሰቤና ሌሎች እንስሳት» በተባለው መጽሐፉ ተርኮታል። ታላቁ ሎረንስም ስለዚያችው ደሴት በ1945 ዓ.ም. የራሱን መጽሐፍ አውጥቷል።

ነቃፊዎች ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው፥ ጄራልድ እውነቱን አዛብቷል ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ሎረንስ ከሚስቱ ከናንሲ ጋር በሌላ ቤት ይኖር ነበርና መጽሐፉ እርሷን ከነጭራሹ አያነሣትም። ነገር ግን ተራኪው ለሣቅ ሲል የቤቱን ሰው ቢያቀናብርም፥ ጊንጥ ግልገሎቿን በጀርባዋ መሸከሟ ሐሰት አይሆንም። ምትሐቱ ያለው በዚህ እውነት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው፥ ልጁ ሥርዐት ያለው ትምህርት ቤት አልገባም ይላሉ። እኛም ትምህርት ቤት ይዘጋ አንልም። ዳሩ ግን ቴዎዶር ስቴፋኒዲስ የተባለ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ጥያቄውን ሳይንቅ አብሮት እየዞረ አስተማረው። መምህር ማለት ይህ አይደለምን? በየክፍሉ «ዝም በል፥ ጻፍ» እያልን የልጁን መደነቅ የምናጠፋ እኛ ነን እንጂ፥ ተረቱ አይደለም።

ፍሬውንም እንመልከት። ያ ብላቴና አድጎ በ1959 ዓ.ም. በጀርዚ ደሴት መካነ አራዊት አቋቋመ፤ ዓላማውም ዘራቸው ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳትን ማራባት ነበር። የሞሪሺየስ ሮዝ ርግብ በዚያ ከተራቡት አንዷ ናት።

ዛሬ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ያስቡ ዘንድ እንለምናለን። ልጅን ከባዕድ ምድር ጠብቆ በቤት መዝጋት አገሩን አያስወድደውም። ይልቁንስ በደጃፉ ያለውን ወፍና ዛፍ በሁለቱም ቋንቋ ይጥራ። ደራስያንም የእነዚህን እኅትማማችና ወንድማማች ጀብዱ በአማርኛ ይጻፉላቸው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት እውነት የሚሆነው፥ ዱቄቱን የሚሰጠው ታላቅ ሲጠፋ ብቻ ነው።